ራኩ 7.5 ሜትር ከሆነ የሱቅ ስፕሪንክለር አይበቃውም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ገላን አካባቢ 3,000 ካሬ ሜትር መጋዘን እየሠራን ነው። የጣሪያው ከፍታ 9 ሜትር ነው። ራኩ (ባለ ደረጃ የብረት መደርደሪያው) ላይ የሚደረደረው ዕቃ 7.5 ሜትር ድረስ ይወጣል። የምናስቀምጠው ፈሳሽ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ ባልዲና ሳፋን የመሳሰሉ የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ በጀሪካን የታሸገ የምግብ ዘይት፣ ጥቂት ደግሞ የተባይ ማጥፊያ ስፕሬይ ነው። ኮንትራክተሩ ጣሪያው ላይ በየ12 ካሬ ሜትሩ አንድ ስፕሪንክለር (ሙቀት ሲነካው ተከፍቶ ውኃ የሚረጭ)፣ 50,000 ሊትር የሚይዝ የመሬት ውስጥ ታንከርና አንድ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አቅርቦልናል። ይበቃል?»

አይበቃም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

በየ12 ካሬ ሜትሩ አንድ ስፕሪንክለር የሚለው ልክ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የአሜሪካው የስፕሪንክለር ደረጃ ኤንኤፍፒኤ 13 «መካከለኛ አደጋ» ለሚላቸው ቦታዎች የሚፈቅደው ትልቁ ስፋት ነው። ሱቅና ወርክሾፕ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለእነዚህ ሲነደፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በየደቂቃው 8 ሊትር ገደማ ውኃ ይታሰባል። የእናንተ መጋዘን በጣሪያ ስፕሪንክለር ብቻ ይጠበቅ ከተባለ ግን የሚያስፈልገው ወደ 40 ሊትር ይጠጋል። አምስት እጥፍ ነው። ስለዚህ የቀረበላችሁ ንድፍ ትንሽ ጎደል ያለ ሳይሆን ለሌላ ዓይነት ቤት የተሠራ ነው።

ራክ ላይ የተነሳ እሳት መሬት ላይ ከተቆለለ ዕቃ እሳት ይለያል። በፓሌትና በፓሌት (ዕቃ በሚጫንባቸው ዝርግ ርብራቦች) መካከል ያለው ክፍተት እንደ ጭስ ማውጫ ይስባል። እሳቱ ከታች ይጀምርና በዚያ ክፍተት ሽቅብ ይወጣል። ግራና ቀኝ ያሉት ካርቶኖች እርስ በርሳቸው ሙቀት እየተወራወሩ ይጋጋላሉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ነበልባሉ ከራኩ አናት ሊደርስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ትኩሱ አየር ሽቅብ የሚሮጠው በኃይል ነው። ከተራ ስፕሪንክለር የሚወርደው ደቃቅ ጠብታ ይህን አየር ሰንጥቆ መውረድ አይችልም። ወይ ወደ ጎን ይበተናል፣ ወይ መንገድ ላይ ይተናል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሙቀቱ ከጣሪያው ሥር ተንጣሎ ይሄድና ከእሳቱ ርቀው ያሉ ስፕሪንክለሮችን ይከፍታል። እነሱ የሚረጩት ምንም ያልተቃጠለ ቦታ ላይ ነው። ነገር ግን ግፊቱን ይሻማሉ። እሳቱ አናት ላይ ያሉት ስፕሪንክለሮች ውኃ የሚያንሳቸው ይበልጥ በሚፈለጉበት ሰዓት ይሆናል።

ታዲያ ንድፉ የሚጀመረው ከቧንቧ አይደለም፤ ከዕቃው ነው። ኮንትራክተሩ የዕቃ ዝርዝር ሳይጠይቃችሁ ዋጋ ከሰጠ ዋናውን ሥራ ዘሎታል ማለት ነው።

ኤንኤፍፒኤ 13 ዕቃን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ይመድባል። ከዚያ በላይ ፕላስቲክ ለብቻው አለ። ከፕላስቲኮች ክፉኛ የሚነደው «ቡድን ኤ» ይባላል። ፖሊኢትሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊስታይሪን፣ የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ሁሉም እዚህ ናቸው። ምደባው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ማሸጊያውንና ፓሌቱንም አንድ ላይ ያያል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

የእናንተን ዝርዝር እንየው። በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ በካርቶን የታሸገ ውኃ ነክ ፈሳሽ ሳሙና ያስፈራ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ፕላስቲክ ነዋ። ግን ውስጡ ያለው የማይነድ ፈሳሽ ነው። ሙቀቱን ይጠጣል፤ ጠርሙሱ ሲቀደድም እሳቱ ላይ ይፈስሳል። እስከ 19 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ከሆነ አንደኛ ክፍል ነው፣ ከሁሉ ቀላሉ። ያው ጠርሙስ ባዶውን ሲከማች ግን ቡድን ኤ ይሆናል፣ ከሁሉ ከባዱ። ስለዚህ አንድ ቀን ባዶ ጠርሙስና ባዶ ጀሪካን ራኩ ላይ ለመጫን ካሰባችሁ አሁኑኑ ለነዳፊው ንገሩት።

ዳይፐሩም እንደ አስተሻሸጉ ይለያያል። ፕላስቲክ ያለበት የአንድ ጊዜ ዳይፐር በካርቶን ከሆነ አራተኛ ክፍል ነው። ካርቶን ሳይኖረው በላስቲክ ብቻ ተጠቅልሎ ከተደረደረ ቡድን ኤ ነው። የእናንተ በየትኛው እንደሚመጣ አጣሩ። ካርቶኑ በመቅረቱ ብቻ ንድፉ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል።

ባልዲና ሳፋ ቡድን ኤ መሆናቸው ግልጽ ነው። ካርቶን ውስጥ ካልሆኑ «የተጋለጠ» ፕላስቲክ ይባሉና ጠበቅ ያለ ሰንጠረዥ ይታይላቸዋል። ሌላም ጣጣ አላቸው። አፋቸው ወደ ላይ ሆኖ የተቀመጠ ሳፋ ከስፕሪንክለር የሚወርደውን ውኃ ይሰበስባል። ውኃው ወደ ታችኛው ደረጃ አይወርድም። በዚህ የተነሳ ከታች የምነግራችሁ ስፕሪንክለር ክፍት አፍ ያላቸው ዕቃዎች ባሉበት ራክ ላይ አይፈቀድም። በካርቶን ይሁኑ ወይም ተደፍተው ይቀመጡ። ወጪ የሌለው፣ ግን ግዴታ የሆነ ነገር ነው።

ፓሌቱን አትርሱ። ምደባው የሚያስበው የእንጨት ፓሌት ነው። ዕቃው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ሆኖ ፓሌቱ ፕላስቲክ ከሆነ ምድቡ አንድ ደረጃ ይወጣል። ማጠናከሪያ የገባበት ፕላስቲክ ከሆነ ሁለት ደረጃ ይወጣል። ከእንጨት እኩል መሆኑ በፈተና የተመሰከረለት ፕላስቲክ ፓሌት ብቻ ከዚህ ያመልጣል። ባዶ የእንጨት ፓሌትም ራሱን የቻለ ነዳጅ ነው፤ ደረቅ እንጨት ከነአየር መግቢያው። መጋዘን ውስጥ ከተቀመጠ ቁልሉ ከ1.8 ሜትር አይብለጥ፤ አንድ ላይም ከአራት ቁልል በላይ አይሁን፤ በቡድኖቹ መካከል 2.4 ሜትር ይተው። እኔን ብትሰሙኝ ግን ውጭ አድርጉት፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ።

አሁን ወደ ሁለቱ አስቸጋሪ ዕቃዎች ልምጣ። እስካሁን ካልኩት ሁሉ ይህኛውን በጥሞና አንብቡልኝ።

የምግብ ዘይት በቀላሉ አይቀጣጠልም። የብዙዎቹ የተጣሩ ዘይቶች መቀጣጠያ ነጥብ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው እንደ ተራ ምግብ የሚያየው። ጀሪካኑ ግን በ130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ጎረቤቱ ያለው ዳይፐር ከተያያዘ ጀሪካኑ ቀልጦ ዘይቱ ይለቀቃል። በራኩ ላይ እየነደደ ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከስፕሪንክለሩ የሚወርደው ውኃ ከሥሩ ይገባና ዘይቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እሳቱ በውኃው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሄዳል። የራክ ሰንጠረዦች ይህን አላሰቡትም። ኤንኤፍፒኤ 13 ራሱ ተቀጣጣይ ፈሳሽን ለኤንኤፍፒኤ 30፣ ስፕሬይን ለ30ቢ ትቶታል።

ስፕሬዩ «ጥቂት» ነው ብላችኋል። ጥቂትነቱ አያጽናናኝም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1982 በፔንሲልቬኒያ፣ ፎልስ ታውንሺፕ የሚገኘው የኬማርት ማከፋፈያ መጋዘን ተቃጠለ። ከ110,000 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ቤት ነው። ስፕሪንክለር ነበረው፣ የእሳት ግድግዳም ነበረው። እሳቱ የተነሳው የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ የተጫነበት አካባቢ ነው። ጣሳዎቹ እየፈነዱ እንደ ሮኬት ተወነጨፉ፤ በየሄዱበትም እሳት ጫሩ። የእሳት ግድግዳዎቹን አልፈው ሌሎቹንም ክፍሎች አያያዙ። ብረቱ ሲወድቅ የስፕሪንክለር ቧንቧዎቹን ይዟቸው ወደቀ። ጉዳቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ ስፕሬይ በሽቦ አጥር ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ የሚባለው ከእንዲህ ዓይነት እሳት በተገኘ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዘይቱንና ስፕሬዩን ከዋናው ራክ አውጡ። ለዘይቱ በእሳት ግድግዳ የተለየ ክፍል ሥሩ። መሬት ላይ ዝቅ ብሎ ይደርደር። በሩ ላይ ዘይቱና ውኃው ወደ ውጭ እንዳይፈስስ ከፍ ያለ ደፍ ይኑር፣ ፍሳሹም ወደ ተዘጋጀ ጉድጓድ ይሂድ። የዚያ ክፍል ስፕሪንክለር በፈሳሽ ደንብ ለብቻው ይሰላ። ስፕሬዩ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ በሽቦ አጥር ይታጠር፤ ጥበቃውም በ30ቢ ይነደፍ። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ካላችሁ እሱም ከራኩ ይውጣ፤ በኤንኤፍፒኤ 30 እንደ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ይታይ። ሁሉንም አንድ ላይ አደባልቃችሁ ለሁሉም የሚበቃ ጣሪያ እንሥራ ካላችሁ፣ ዋጋው ከዚህ ክፍል በላይ ይሆንባችኋል። ያም ሆኖ አስተማማኝ አይሆንም።

የቀረው፣ ማለትም ሳሙናው፣ ዳይፐሩና የፕላስቲክ ዕቃው፣ በቡድን ኤ ልክ ይነደፋል። የተቀላቀለ ዕቃ ሲኖር የሚታየው ከባዱ ነው እንጂ አማካዩ አይደለም።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በራኩ ውስጥ በየደረጃው ስፕሪንክለር ማስገባት ነው። እሳቱን እዚያው ከመነሻው ያገኘዋል፣ ውኃም ይቆጥባል። ግን ቧንቧው ራኩ ውስጥ ይሄዳል፤ ፎርክሊፍት ይመታዋል፤ ራኩ በተነቀለ ቁጥር ቧንቧው ይነቀላል። ሌላው ኢኤስኤፍአር የሚባለውን ስፕሪንክለር ጣሪያ ላይ መግጠም ነው። ኤፍኤም የተባለው የኢንሹራንስ ቡድን በ1980ዎቹ ያዳበረው ነው። ቶሎ ይከፈታል፤ ትልልቅ ጠብታ በኃይል ወደ ታች ይተኩሳል። ዓላማው እሳቱን አግቶ ማቆየት ሳይሆን ገና ሳያድግ ማጥፋት ነው። ለእናንተ ቁመት እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የነጋዴ መጋዘን ራክ ዘንድሮ እንደቆመ ለዓመቱ አይቆምም፤ ጣሪያ ላይ ያለ ቧንቧ ግን በራክ ለውጥ አይነካም።

ቁጥሩ እንዲህ ይመጣል። ኬ-200 የሚባለውን መጠን እንውሰድ፤ ኬ የስፕሪንክለሩ ቀዳዳ ምን ያህል ውኃ እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ ቁጥር ነው። እስከ 9.1 ሜትር ጣሪያና እስከ 7.6 ሜትር ዕቃ፣ በካርቶን ለታሸገ አረፋ ያልሆነ ፕላስቲክ፣ ከፓምፑ በጣም የራቀው ስፕሪንክለር ላይ 3.4 ባር ግፊት ያስፈልጋል። በዚህ ግፊት አንዱ ስፕሪንክለር በደቂቃ 372 ሊትር ያወጣል። ስሌቱ የሚሠራው 12 ስፕሪንክለር በአንድ ጊዜ ተከፍቶ ነው፤ በሦስት መስመር አራት አራት። 4,470 ሊትር በደቂቃ ይሆናል። ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ 950 ሊትር ይጨመራል። 5,420 ሊትር በደቂቃ፣ ለ60 ደቂቃ፦ 325,000 ሊትር። ቅርብ ያሉት ስፕሪንክለሮች ከሩቆቹ የበለጠ ግፊት ስለሚያገኙ በእውነቱ ከዚህ ይበልጣል። 350,000 ሊትር ብላችሁ አስቡ። የቀረበላችሁ 50,000 ሊትር በዚህ ፍጥነት 9 ደቂቃ ብቻ ይቆያል።

ኬው ትልቅ የሆነ ስፕሪንክለር፣ ለምሳሌ ኬ-360፣ በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል። ፓምፑን ያቀልላችኋል። ውኃውን ግን አይቀንስም። ሻጩ «ትልቁን ከገዛችሁ ታንከሩ ያንሳል» ካላችሁ ስሌቱን በወረቀት ጠይቁት። ስፕሪንክለሩም ዕቃን ፈትነው የሚመሰክሩት የዩኤል ወይም የኤፍኤም ምልክት ያለበት ይሁን። ገበያው ላይ ምልክት የሌለው ርካሽ ዕቃ ሞልቷል። ኢኤስኤፍአር ደግሞ ቅርጹ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ የሚረጨው ይበላሻል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። 9 ሜትር ያላችሁት የጣሪያውን የቱን ነው? ዝቅተኛውን ጠርዝ ነው ወይስ አናቱን? የኢጋ ቆርቆሮ ጣሪያ ተዳፋት አለው። ቤቱ 30 ሜትር ስፋት ኖሮት ተዳፋቱ 10 በመቶ ቢሆን አናቱ ከጠርዙ 1.5 ሜትር ይበልጣል። ጠርዙ 9 ሜትር ከሆነ አናቱ 10.5 ነው። ሰንጠረዡ የሚያየው ከፍተኛውን ነው። ያኔ ወደ 10.7 ሜትር ረድፍ ትሸጋገራላችሁ። ግፊቱ 5.2 ባር ይሆናል። አንዱ ስፕሪንክለር ወደ 460 ሊትር፣ ጠቅላላ ውኃው ወደ 390,000 ሊትር ይወጣል። 1.5 ሜትር ባዶ አየር ከ60,000 ሊትር በላይ ውኃ አስከፈላችሁ ማለት ነው። ጣሪያው ገና ካልወጣ ከመዋቅር መሐንዲሱ ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ተዳፋቱም ከ16.7 በመቶ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኢኤስኤፍአር አይፈቀድም።

ስፕሪንክለሮቹ ከ6 እስከ 9.3 ካሬ ሜትር አንድ አንድ ይሆናሉ። በመካከላቸው ከ2.4 ሜትር ያነሰ ርቀት አይኖርም፣ አንዱ የሌላውን ሙቀት መቀበያ እንዳያበርድ። የኬ-200ው ውኃ መበተኛ ሳህን ከጣሪያው ቆርቆሮ በታች ከ150 እስከ 350 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀመጣል። ከዕቃው አናት እስከ ሳህኑ ቢያንስ 0.9 ሜትር ባዶ ይሁን። የጣሪያው ተሸካሚ ብረቶች (ትረስና ፐርሊን)፣ መብራት፣ የኤሌክትሪክ ትሬይ፣ የአየር ቱቦ፣ ሁሉም የውኃውን መንገድ እንዳይዘጉ አንድ በአንድ ይታያሉ። ኢኤስኤፍአር እንቅፋት አይወድም። ከስፕሪንክለሩ ሥር የተሰቀለ አንድ ረጅም መብራት አንዱን የራክ መስመር ውኃ ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ የኤሌክትሪኩና የስፕሪንክለሩ ንድፍ አንድ ወረቀት ላይ ይደራረብ። ግንባታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ይህ ነው፤ መብራቱ ቀድሞ ይሰቀልና ቧንቧው ዞሮ ያልፋል።

ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር የአየር ማውጫ ወይም ክፍት የአናት ቀዳዳ ካለ ለነዳፊው ይነገረው። ሙቀቱ በዚያ ካመለጠ ስፕሪንክለሩ ዘግይቶ ይከፈታል።

ራኩ ራሱም የእሳት መከላከያው አካል ነው። በፓሌቶች መካከል 150 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ጀርባ ለጀርባ በቆሙት ራኮች መካከልም እንዲሁ። ከታች እስከ ላይ የተያያዘ ቀጥ ያለ ክፍተት ይሁን። ቀደም ብዬ እሳቱ የሚወጣበት ነው ያልኩት ክፍተት ነው። ይዘጋ ማለት ያጓጓል፤ ግን ውኃው የሚወርድበትም ያው ነው። ከተዘጋ እሳቱ በአግድም ይሄዳል፣ ውኃውም አናት ላይ ይቀራል። የፓሌት ማቆሚያ ብረት ከኋላ ቢገጠምለት ሹፌሩ ዕቃውን ገፍቶ ክፍተቱን አይዘጋውም። ራኩ ላይ ፕላይውድ ወይም ላሜራ አታንጥፉ። ስፋቱ ከ1.86 ካሬ ሜትር ከበለጠ እንደ ድፍን መደርደሪያ ይቆጠርና ከሥሩ የራክ ውስጥ ስፕሪንክለር ግዴታ ይሆናል። ከግማሽ በላይ ክፍት የሆነ የሽቦ መረብ ግን ይቻላል።

ወደ ውኃና ፓምፕ እንሂድ። የከተማ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ ሙሉው ውኃ ግቢያችሁ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ደረጃው ባዶ ታንከር በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንዲሞላ ይጠይቃል፤ ለ350,000 ሊትር በሰዓት 44,000 ሊትር ገደማ ነው። በቧንቧ የማይሆን ከሆነ የጉድጓድ ውኃ ወይም ከቦቴ አቅራቢ ጋር የተጻፈ ውል አስቡ። ለመጸዳጃና ለአትክልት የሚሆነውን ውኃ ከዚያው ታንከር አትቅዱ። ካልቀረም የእነሱ መቅጃ ቧንቧ ከእሳት ውኃው ከፍታ በላይ ይውጣ።

ታንከሩ ከመሬት በላይ፣ ከፓምፑ ጎን ይሁን። እኛ ጋ የተለመደው የመሬት ውስጥ ኮንክሪት ታንከር ሠርቶ ፓምፑን ከላይ ማስቀመጥ ነው። ለእሳት ፓምፕ ይህ አይሆንም። የእሳት ፓምፕ ደረጃ በሆነው በኤንኤፍፒኤ 20 አግድም ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ውኃ ሽቅብ እንዲስብ አይፈቀድለትም፤ ውኃው ራሱ ወደ ፓምፑ መግባት አለበት። ከፍታችን ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። 2,200 ሜትር አካባቢ የአየር ግፊቱ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ወለል በሐሳብ ደረጃ 10.3 ሜትር ሊሳብ የሚችል ውኃ እዚህ 7.9 ሜትር ላይ ያበቃል፤ የቧንቧው ሰበቃ ሳይታሰብ። አንድ ቀን ጫፉ ላይ ያለው ቫልቭ ያፈስሳል፣ ፓምፑ አየር ይይዛል፣ ያ ቀን እሳት የተነሳበት ቀን ይሆናል። የመሬት ውስጥ ታንከሩ ከተቆፈረ ቨርቲካል ተርባይን የሚባለውን፣ ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚሠራውን ፓምፕ ግዙ።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ ብቻውን አይሁን። መብራት የሚጠፋው በፈረቃ ብቻ አይደለም። እሳት ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቆጣሪውን ማውረድ ነው። ዲዝል ፓምፕ ይኑራችሁ። ለምሳሌ በደቂቃ 5,700 ሊትር በ8 ባር የሚሰጥ ፓምፕ 100 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። የሞተሩ ጉልበት ግን በካታሎግ የሚጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ከ91 ሜትር በላይ በየ305 ሜትሩ 3 በመቶ ይቀነሳል። በ2,200 ሜትር 21 በመቶ ይሄዳል። ስለዚህ ካታሎጉ ላይ ወደ 130 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሞተር ያስፈልጋችኋል። 100 ኪሎ ዋት ብለው ያመጡት ሞተር ሙሉ ውኃ ሲጠየቅ ይደክማል። ፕሮፎርማው ላይ «በሥራ ቦታው ከፍታ» የሚል ቃል እንዲገባ አድርጉ። ነዳጁ በኪሎ ዋት 5 ሊትር ገደማ፣ ላዩ ላይ 10 በመቶ ተጨምሮ ይያዝ።

ውላችሁ ላይ የሚጠቀሰው ደረጃ አንድ ይሁን። ኤንኤፍፒኤ 13 ይሁን፣ የአውሮፓው ኢኤን 12845 ይሁን ወይም የኤፍኤም 8-9፣ ሁሉም የራሳቸው አመዳደብ አላቸው። ከአንዱ ስፋቱን፣ ከሌላው ውኃውን፣ ከሦስተኛው ታንከሩን እየመረጡ ማንሳት ጥበቃ አይሰጥም። ኢንሹራንሳችሁንም አሁን ጠይቁ፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ሌላ ደረጃ ቢጠይቅ የሚከፍለው ኪሳችሁ ነው።

ካለቀ በኋላ ትልቁ አደጋ የተዘጋ ቫልቭ ነው። ስፕሪንክለር በእሳት ጊዜ ሳይሠራ ሲቀር ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ውኃው ቀድሞ መዘጋቱ ነው። ለጥገና ይዘጋል፣ ሳይከፈት ይረሳል። ዋናው ቫልቭ በሰንሰለት ክፍት ሆኖ ይቆለፍ፣ ሲዘጋም ማንቂያ ይስጥ። ዲዝሉ በየሳምንቱ 30 ደቂቃ ይነሳ። የመጋዘን ኃላፊው ስም ያለበት ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ይኑር፤ ይህም ይጻፍበት፦ የተነደፈው ለየትኛው ዕቃ፣ ለስንት ሜትር ቁመት፣ ለስንት ግፊት እንደሆነ። የግዢ ክፍሉ የስፖንጅ ፍራሽ ወይም ጎማ ለማስገባት ሲያስብ ያንን ሰሌዳ አንብቦ ነዳፊውን ይጥራ። ሁለቱም በዚህ ንድፍ ውስጥ የሉም።

ኮንትራክተሩን አሁን የምትጠይቁት ይህን ነው፦ የዕቃ ምደባ በጽሑፍ፣ የሩቁ 12 ስፕሪንክለር የውኃ ስሌት፣ የስፕሪንክለሩ ሞዴልና የምስክር ወረቀቱ፣ የፓምፑ ኩርባ (በየፍሰቱ መጠን የሚሰጠውን ግፊት የሚያሳይ ሥዕል)። ሲያስረክብም ቧንቧው በ13.8 ባር ለ2 ሰዓት ይፈተን። ፓምፑ በዜሮ፣ በሙሉና በ150 በመቶ ፍሰት በፊታችሁ ይለካ። በ150 በመቶ ላይ ከተመዘገበው ግፊት ከ65 በመቶ በታች ከወረደ አትቀበሉት። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚህ ፈተና በኋላ እንዲሆን ውሉ ላይ አስገቡ።